ከዕቅዱ የተሰረዘውንም አንብቢ

ልጄ፣ ኮድ መጻፍ ተምረሽ ፊትሽን ወደ ኢቴሪየም ማዞርሽን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የባንክ ኮምፒውተሮችን ሥርዓት በማደስ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የሚጠቀምበትን ነገር ሳያቆሙ መለወጥ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ኢቴሪየምን ለዓመታት የተከታተልኩትም ለዚህ ነው። ባለቤት የሌለው መረብ፣ አለቃ ሳይኖረው፣ በአደባባይ እየተከራከረ ራሱን ሲለውጥ ማየት ብርቅ ነው። ስለ ረጅም ጊዜ ዕቅዱ ልነግርሽ የምፈልገውን በቁጥር አስቀምጬልሻለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. የሚነገርሽን ቀን እንደ ቃል ኪዳን አትያዢው። ኢቴሪየም ሥራ የጀመረው ጁላይ 30 ቀን 2015 ነው። የዚያን ጊዜው ዕቅድ ፍሮንቲየር፣ ሆምስቴድ፣ ሜትሮፖሊስና ሴሬኒቲ የሚባሉ አራት ደረጃዎች ነበሩት። በመጨረሻው ደረጃ መረቡ ኤሌክትሪክ በሚበላ የኮምፒውተር ሥራ ብሎክ የሚፈጠርበትን ማይኒንግ እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ የመረቡን ገንዘብ ኢተርን አስይዘው ብሎኮችን በሚያረጋግጡ ቫሊዳተሮች ይተዳደራል ተባለ። ከመሥራቾቹ አንዱ ቪታሊክ ቡተሪን ስለዚህ አሠራር መጻፍ የጀመረው በ2014 መግቢያ ሲሆን፣ ለውጡ የተፈጸመው ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ነው። ከስምንት ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። ገንቢዎቹ ራሳቸውን ለማስገደድ ኮዱ ውስጥ «ዲፊከልቲ ቦምብ» የሚሉትን ነገር ቀብረው ነበር። ጊዜው ሲደርስ ማይኒንግን እያከበደ እያከበደ ሄዶ ሁሉንም ወደ አዲሱ አሠራር እንዲገፋ የታሰበ ነው። እሱም ቢሆን ስድስት ጊዜ ተራዝሟል። እኔ በዚህ አልፈርድባቸውም፤ የሰው ገንዘብ የተሸከመ ኮድ ሳይበስል በቀኑ ከሚወጣ ዘግይቶ በስሎ ቢወጣ ይሻላል።

2. ከዕቅዱ የተሰረዘውን ፈልጊና ለምን እንደተሰረዘ እወቂ። ከምመክርሽ ሁሉ አብልጬ የማየው ይህን ነው። ብዙ ሰው የዕቅዱን ሥዕል አይቶ የሚመጣውን ይቆጥራል። የገንቢዎቹን አስተሳሰብ የምታገኚው ግን የተዉት ነገር ውስጥ ነው።

በአንድ ወቅት ትልቁ ተስፋ መረቡን 64 ቦታ መክፈል ነበር። ሁሉም ኮምፒውተር ሁሉንም ግብይት ከሚያይ፣ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ድርሻ ይያዝ ተባለ። ሐሳቡ ያምራል፤ ችግሩ ክፍሎቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ የሚፈጠረው ውስብስብነት ነበር። በዚህ መሐል ሮልአፕ የሚባሉት መጡ። እነዚህ ግብይቱን ከዋናው መረብ ውጭ ሠርተው፣ መረጃውን ጨምቀው ወደ ዋናው ይልካሉ። ቡተሪን በኦክቶበር 2020 ዕቅዱ በሮልአፕ ዙሪያ እንዲዞር ሐሳብ አቀረበ። 64ቱ ክፍሎች ተተዉ፤ የዋናው መረብ ሥራም ለሮልአፖች ርካሽ የመረጃ ቦታ ማቅረብ ሆነ። ማርች 13 ቀን 2024 ዴንኩን በተባለው ማሻሻያ ብሎብ የሚባለው ጊዜያዊ የመረጃ ቦታ መጣ። አንዱ ብሎብ 128 ኪሎባይት ነው፤ 18 ቀን ያህል ተቀምጦ ይጠፋል። ለዘላለም መቀመጥ ስለሌለበት ነው ርካሽ የሆነው። በሮልአፖች ላይ የሚከፈለው ዋጋ ወዲያው አሽቆለቆለ።

ዋጋው ሲወርድ ግን ዋናው መረብ ከሮልአፖች የሚያገኘው ክፍያም ወረደ። ከ2021 ጀምሮ ከየግብይቱ ክፍያ እየተቃጠለ የሚጠፋው ኢተርም አነሰ። ከዚያ ወዲህ «ዋናውን መረብ ራሱን ለምን አናሰፋውም?» የሚለው ድምፅ በረታ። በ2025 ብቻ በአንድ ብሎክ የሚፈቀደው የጋዝ፣ ማለትም የሥራ መለኪያው፣ መጠን ከ30 ሚሊዮን ወደ 60 ሚሊዮን አደገ። አየሽ፣ አንድ መልስ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ ዕቅዱም ያንን ተከትሎ ይታጠፋል።

ሌላም አለ። የመረቡን ሁኔታ የሚይዘውን የመረጃ ዛፍ ቨርክል በተባለ አዲስ ዓይነት ለመተካት ለዓመታት ተለፍቷል። ሒሳቡ ወደፊት ኳንተም ኮምፒውተር ሊሰብረው በሚችል ዘዴ ላይ ስለቆመ፣ ሌላ ዓይነት ዛፍ ይሻላል የሚል ክርክር ተነሣ። የዓመታት ልፋትን ለተሻለ ነገር ለመተው ፈቃደኛ የሆነ ሰው አከብራለሁ። በሠራሁባቸው መሥሪያ ቤቶች ይህን ብዙ ጊዜ አላየሁም።

3. ማን እንደሚወስን ሳታውቂ «ኢቴሪየም ወሰነ» አትበይ። ድምፅ የሚሰጥበት ጉባኤ የለም። ማንም ሰው ኢ.አይ.ፒ. የሚባል የማሻሻያ ሐሳብ ጽፎ ያቀርባል። ገንቢዎቹ ሁሉም ሊሰማው በሚችል ስብሰባ ይከራከሩበታል፤ በመጨረሻም ኮዱን መጫን አለመጫን ኖድ የሚባሉት የመረቡ ኮምፒውተሮች ባለቤቶች ምርጫ ነው። በጁን 2016 ዘ ዳኦ ከተባለው የጋራ ፈንድ 3.6 ሚሊዮን ያህል ኢተር ሲዘረፍ፣ አብዛኛው ማኅበረሰብ ታሪኩን አስተካክሎ ገንዘቡን ለመመለስ ተስማማ። «የተጻፈ አይፋቅም» ያሉት እምቢ አሉ፤ በአሮጌው ሰንሰለት ቀርተውም ኢቴሪየም ክላሲክ ተባሉ። ሁለቱም ወገኖች ዛሬ ድረስ አሉ። ማን ልክ እንደነበረ ራስሽ አንብበሽ ፍረጂ፤ እኔ ገንዘቡ ይመለስ ካሉት ወገን ነኝ።

4. ሙከራን አክብሪ። የ2022ቱ ለውጥ ሰው እየኖረበት የቤትን ምሰሶ እንደ መለወጥ ነበር። አዲሱ ምሰሶ፣ ቢከን ቼይን፣ ከዲሴምበር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የማንንም ግብይት ሳይሸከም ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ለብቻው ቆሞ ተፈተነ። ከዚያ የድሮው ወጣ፣ አዲሱ ተተካ፣ መረቡም አልቆመም። የኤሌክትሪክ ፍጆታው 99.95 በመቶ ያህል ቀነሰ። (በነገራችን ላይ፣ አገራችን ኃይል የምትሸጥላቸው ማይነሮች የቢትኮይን ናቸው፤ ኢቴሪየም ማይኒንግ ካቆመ ቆይቷል። ይህን የሚያምታታ ሰው ሲያጋጥምሽ አስረጂው።)

በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ፔክትራ የተባለው ማሻሻያ ሆሌስኪ በሚባለው የሙከራ መረብ ላይ ተሞከረ። ሦስት ዋና ሶፍትዌሮች ውስጥ አንድ አድራሻ ተሳስቶ ተጽፎ ስለነበር መረቡ ለሁለት ተከፈለ፤ እስኪያገግምም ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ገንቢዎቹ ሁዲ የሚባል ሌላ የሙከራ መረብ ከፍተው እንደገና ሞከሩ፤ ማሻሻያው በዋናው መረብ ላይ የወጣው ሜይ 7 ነው። ስሕተቱ የማንም ገንዘብ በሌለበት ቦታ በመውጣቱ ሙከራው ሥራውን ሠርቷል።

5. አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ላይ አትደገፊ። በሜይ 2023 በሁለት ተከታታይ ቀናት መረቡ ብሎኮችን የማይቀለበሱ አድርጎ ማጽደቅ ተስኖት ነበር። ፕሪዝምና ቴኩ የተባሉት የቫሊዳተር ሶፍትዌሮች ጭነት በዝቶባቸው ሲንገዳገዱ ላይትሃውስን የመሳሰሉ ሌሎች ሶፍትዌሮች ስለቀጠሉ መረቡ በሰዓታት ውስጥ ራሱን አስተካከለ።

6. ዕቅዱን ለመረዳት ገንዘብ አያስፈልግሽም። ቫሊዳተር ለመሆን 32 ኢተር ማስያዝ ይጠይቃል። በ2020 መጨረሻ ያስያዙት ደግሞ እስከ ኤፕሪል 12 ቀን 2023 ድረስ ማውጣት አልቻሉም። አዲስ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር «ኢተርሽን ወደ አዲሱ ቀይሪ» የሚል አጭበርባሪ ይመጣል። ለውጡ ይጠራበት የነበረው ኢቴሪየም 2 የሚለው ስም በ2022 መጀመሪያ ከተተወባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ማጭበርበር ነበር። ማሻሻያ ሲመጣ የሳንቲሙ ባለቤት ምንም ማድረግ የለበትም፤ አድርጊ የሚልሽን ሁሉ ሌባ ነው ብለሽ ያዢው። በኢትዮጵያ መገበያያው ብር ብቻ መሆኑን ብሔራዊ ባንክ በ2022 ማስጠንቀቁንም አትርሺ። የቤተሰብ ገንዘብ ይዘሽ እንዳትገቢበት እለምንሻለሁ።

7. ዕቅዱ በኋላ ከተከፈለባቸው ስድስት ክፍሎች ዓይንሽን ስከርጅ በሚባለው ላይ አድርጊ። መርጅ፣ ሰርጅ፣ ስከርጅ፣ ቨርጅ፣ ፐርጅ፣ ስፕለርጅ ይሏቸዋል። መርጅ የ2022ቱ ለውጥ ነው፤ ሰርጅ ማስፋት፤ ቨርጅ ማረጋገጥን ማቅለል፤ ፐርጅ አሮጌ ሸክምን ማራገፍ፤ ስፕለርጅ የቀረውን ሁሉ መጠቅለል። ስከርጅ ግን ሥልጣንን ይመለከታል። ዛሬ አብዛኛውን ብሎክ የሚያዘጋጁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የግብይቶቹን ተራ እያገላበጡም ትርፍ ያገኙበታል። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በኦገስት 2022 የግብይትን ዱካ በሚሰውረው ቶርኔዶ ካሽ ላይ ማዕቀብ ከጣለ በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከግማሽ በላይ የሆነው ብሎክ ከዚያ ጋር የተያያዙ ግብይቶችን በሚዘልሉ፣ ብሎክን ከአዘጋጁ ወደ ቫሊዳተሩ በሚያደርሱ አስተላላፊዎች በኩል ያልፍ ነበር። ኮዱ ማንንም አልከለከለም፤ የከለከሉት በመሐል የቆሙት ናቸው።

ከአዲስ አበባ ሆነሽ ወደ ውጭ አገር ለመክፈል ስትሞክሪ የሚገጥምሽን ታውቂያለሽ። ስለዚህ አንቺ ይህን ጉዳይ ከብዙ የሲሊከን ቫሊ ልጆች የበለጠ ትረጂዋለሽ ብዬ አምናለሁ። ፎስል በሚል ስም የሚታወቀው ኢ.አይ.ፒ. 7805፣ በየጊዜው በዕጣ የሚመረጡ ቫሊዳተሮች «እነዚህ ግብይቶች መግባት አለባቸው» ብለው ዝርዝር እንዲያወጡና ብሎክ አዘጋጁ ሊዘልላቸው እንዳይችል ለማድረግ የቀረበ ሐሳብ ነው። መረቡ ሺህ ጊዜ ቢፈጥን፣ አንድን ሰው በአገሩ ወይም በስሙ ምክንያት ማስቀረት የሚቻልበት ከሆነ ለእኔ አልተሻሻለም።

8. አሁን ጀምሪ። መጀመሪያ ክፍያ ማቃጠልን ያመጣውን ኢ.አይ.ፒ. 1559ን፣ ቀጥሎ ብሎብን ያመጣውን 4844ን አንብቢ፤ በሁለቱም ኮዱን ከማየትሽ በፊት የምክንያቱን ክፍል ጨርሺ። ከዚያ ሁዲ ላይ ኖድ አስነሺ፤ እዚያ ያለው ኢተር ለመሞከሪያ ስለሆነ በነፃ ይገኛል። የገንቢዎቹ ስብሰባ ሐሙስ ሐሙስ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ አጀንዳውን ቀድመሽ አንብቢና ተቀምጠሽ ስሚ። የማይገባሽን ቃል ሁሉ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አብረን እንፈታዋለን።