የአነቃቂ መድኃኒት ሰዓትና የተማሪ እንቅልፍ፦ ከባሕር ዳር የተማሪ ሕይወት አንጻር

1. መግቢያ

በተለምዶ ኤዲኤችዲ ተብሎ የሚጠራው የትኩረት ጉድለትና የመቅበጥበጥ ችግር በልጅነት የሚጀምር ቢሆንም በብዙዎች ላይ እስከ ጉልምስና ይዘልቃል። ለሕክምናው ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሜቲልፌኒዴት ነው። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1944 በስዊዘርላንዱ የሲባ ኩባንያ ተቀምሞ፣ በ1954 ሪታሊን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። የነርቭ ሕዋሳት ዶፓሚንና ኖርኢፒነፍሪን የተባሉትን ንጥረ ነገሮች መልሰው እንዳይስቡ በመግታት ትኩረትን ያግዛል፤ ዳሩ ግን ይኸው ተግባሩ እንቅልፍን ሊያዛባ ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ የሚወስድ ተማሪ እንቅልፍ ሲያጣ ከመጠኑ እኩል የሚወሰድበት ሰዓት መመርመር እንዳለበት ማሳየት ነው።

2. የስድስት ሰዓት ልዩነት

የአጭር ጊዜ ሜቲልፌኒዴት በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ የሚቀንሰው በ3 ሰዓት ገደማ ነው እንበል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተወሰደ ኪኒን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ 14 ሰዓት ያገኛል፤ በዚያን ጊዜ የሚቀረው ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነው። ያው ኪኒን ከቀኑ 8 ሰዓት ቢወሰድ ግን ለመኝታ የሚቀረው 8 ሰዓት ስለሆነ ከመቶ 16 ያህሉ ይቆያል፤ ይህም የመጀመሪያው አራት እጥፍ ነው።

ይህ ስሌት በአገራችን የተለየ ትርጉም አለው። በፈረንጅ አቆጣጠር «8፡00» ተብሎ የተጻፈ የጠዋት ትእዛዝ በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ነው። ቁጥሩን እንዳለ የወሰደ ተማሪ የጠዋቱን መድኃኒት ከሰዓት በኋላ ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ በመድኃኒቱ መያዣ ላይ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ በቃል መጻፉ ቀላል፣ ግን ዋጋ ያለው ጥንቃቄ ነው። ውጤታቸው ከ8 እስከ 12 ሰዓት የሚቆይ የረጅም ጊዜ ዝግጅቶች ሲሆኑ ደግሞ ስሕተቱ ይበልጥ ይከብዳል።

3. ቡና፣ ጫትና ጾም

የተማሪው አነቃቂ ከመድኃኒት ቤት የሚመጣው ብቻ አይደለም። የካፌይን መጠን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ስለሆነም ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የካፌይኑ ግማሽ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሩቡ በደሙ ውስጥ ይገኛል። በባሕር ዳር ዙሪያ በመስኖ የሚለማው ጫትም ካቲኖን የተባለ፣ በአሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ንጥረ ነገር አለው። ሁለቱም አነቃቂዎች የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምሩ፣ በርጫና መድኃኒት በአንድ ቀን መገናኘታቸው የእንቅልፍ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የልብ ጤንነት ጥያቄም ነው። ምርቃናውን ለማብረድ በመጠጥ «ጨብሲ» ማድረግም መፍትሔ አይሆንም፤ አልኮል እንቅልፍ ቢያስጀምርም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይቆራርጠዋል።

የጾም ወቅትም ሰዓቱን ያዛውራል። በዐቢይ ጾም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚቆይ፣ ወይም በረመዳን እስከ ኢፍጣር የሚጾም ተማሪ የጠዋቱን ኪኒን ወደ ጾሙ መፍቻ ቢያሸጋግር እንቅልፉን ይሠዋል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር መመካከር ይገባዋል።

4. ሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች

የእንቅልፍ ማጣት ሁሉ ከመድኃኒቱ መብዛት የሚመጣ አይደለም። አንዳንድ ታካሚ የሚቸገረው የመድኃኒቱ ኃይል ገና ስላላለቀ ነው፤ ሌላው ግን ኃይሉ አመሻሽ ላይ በድንገት ሲያልቅ መቅበጥበጡ ስለሚመለስበት ነው። በተጨማሪም ችግሩ ያለባቸው ብዙ ሰዎች መድኃኒት ሳይጀምሩም ዘግይተው የመተኛት ዝንባሌ አላቸው። መነሻዎቹ የተለያዩ ስለሆኑ መፍትሔዎቹም ይለያያሉ፦ ለመጀመሪያው መድኃኒቱን ማስቀደም ሊበጅ ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን ያው እርምጃ ችግሩን ሊያብስ ይችላል። በራስ ውሳኔ መጠን መቀነስ ወይም ማቋረጥ የማይመከረው ስለዚህ ነው።

5. ማጠቃለያ

ለመለየት የሚያስችለው መሣሪያ ውድ አይደለም። ለሁለት ሳምንት መድኃኒት የተወሰደበትን፣ ቡና ወይም ጫት የተቀመሰበትን፣ መብራት የጠፋበትንና እንቅልፍ የወሰደበትን ሰዓት በአንድ ደብተር መመዝገብ ለሐኪሙ በቂ መነሻ ይሰጣል። የመነሻ ሰዓትን በየቀኑ አንድ ማድረግና ማለዳ ከ12 ሰዓት በኋላ የፀሐይ ብርሃን ማግኘት የሰውነትን ሰዓት ያጸናል። በፈተና ሰሞን ሌሊቱን ለማንጋት ተጨማሪ ኪኒን መዋጥ፣ ወይም ለጓደኛ ማካፈል፣ የሚያተርፈው ንባብ ጥቂት ነው፤ የተነበበው በትዝታ የሚጸናው በእንቅልፍ ነውና። በዘርፉ የሚመራመሩ ተማሪዎችም ስለ መድኃኒቱ ሲጠይቁ ስለ ቡናው፣ ስለ ጫቱና ስለ ሰዓት አቆጣጠሩ አብረው ቢጠይቁ፣ የሚያገኙት መልስ ለዚህ አገር ታካሚ የሚጠቅም ይሆናል።