ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ፦ የግንባታ ሳይትን በገመድ አልባ ማንቂያ መጠበቅ

አትክልት ተራ አካባቢ ሳይት ያለው ሰው ሥጋቱ ከሌላው ሰፈር ይለያል። የአትክልት ገበያው በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲመጣ ወደ ጃንሜዳ፣ ቀጥሎም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ቢሄድም የሰፈሩ ስም ቀርቷል፤ ቦታው በፒያሳና በመርካቶ መሐል በመሆኑ የእግረኛውና የተሸካሚው ግርግርም አልጠፋም። በዚህ ግርግር ቁራጭ ፌሮ ወይም የኬብል ጥቅል በትከሻው ይዞ የሚያልፍን ሰው ማንም ዞሮ አያየውም። ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛውም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ገመድ አልባ የሚመረጠው ሳይት በየሳምንቱ መልኩን ስለሚቀይር ነው። ዛሬ ካሜራ የተሰቀለበት የባሕር ዛፍ ቋሚ ሶሌታው ከደረቀ በኋላ ይነቀላል። የተዘረጋ ገመድ ደግሞ ወይ በአካፋ ይቆረጣል፣ ወይ ራሱ የሌባ ሲሳይ ይሆናል፤ የቴሌና የመብራት መስመርን ለመጠበቅ በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 464 ወጥቶ እንኳ ገመድ መቁረጥ አልቆመም።

እቃ ከመግዛት በፊት ግን የሳይቱ ኃላፊ ከዘበኛው ጋር በሌሊት አንድ ዙር ይዙር። የትኛው ቆርቆሮ ላልቷል? ከጎረቤት ጣሪያ በየት በኩል መውረድ ይቻላል? ስቶሩ፣ የፌሮ ክምሩ፣ ፓምፑና ቫይብሬተሩ የት ያድራሉ? መልሱ በወረቀት ላይ ይነደፍ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ ሴንሰሩን ሁሉ መንገድ ዳር ባለው አጥር ላይ ይደረድርና ውሻና እግረኛ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጮኹበት በሦስተኛው ቀን ያጠፋዋል። ለስቶሩና ለኮንቴይነሩ በር የማግኔት ሴንሰር፣ ወደ ውስጥ ለሚያስገባው መተላለፊያ የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ ለፌሮው ክምር አንድ ካሜራ ቢደረግ ለመጀመሪያው ወር ይበቃል።

ዋናውን የማንቂያ ሳጥን ሲመርጡ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ያደርጋል? በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በስልክ መተግበሪያ ብቻ መልእክት የሚልክ ሳጥን በእንዲህ ያለ ጊዜ ዲዳ ይሆናል፤ ስለዚህ በተራ የስልክ ጥሪ የሚያስጠነቅቅ ይፈለግ። ሁለት ሲም ካርድ የሚይዝ ከሆነ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ ሌላው የሳፋሪኮም ይሁን። ሴንሰሮቹ ደኅና መሆናቸውን በየጊዜው ለሳጥኑ የሚያሳውቁ መሆናቸውም ይረጋገጥ፤ ርካሾቹ ባትሪያቸው አልቆ ወይም ሞገዳቸው ታፍኖ እንኳ ዝም ይላሉ።

ከዚያ የኃይል ሒሳብ ይመጣል። በአማካይ 5 ዋት የሚጠቀም ባለ ሲም ካሜራ በ24 ሰዓት 120 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 12 ቮልት፣ 40 አምፒር ሰዓት ባትሪ 480 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የእርሳስና የአሲድ ዓይነት ከሆነ ግን ከግማሽ በታች ቢወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ለሁለት ቀን ብቻ ይቆጠራል። የሶላር ፓነሉ የሚለካው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ደመና ነው፤ ለዚህ ካሜራ ከ60 ዋት ያነሰ አይገዛም። ፓነሉ ራሱ እንዳይሰረቅ ከፍ ብሎ ይታሰር።

ዳታም እንደ ባትሪው ያልቃል። በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት የሚልክ ካሜራ 24 ሰዓት ሙሉ ከለቀቀ ወደ 11 ጊጋ ባይት ይበላል። ስለዚህ ቀረጻው በሜሞሪ ካርድ ይቀመጥ፣ ወደ ስልክ የሚላከው እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ይሁን።

ተከላው ላይ የሬዲዮ ሞገድ ሁለት ጠላት አለው፤ ቆርቆሮና ፌሮ የበዛበት ኮንክሪት። ትናንት በደንብ ይሠራ የነበረ ሴንሰር አዲስ ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ከሳጥኑ ጋር ሊቆራረጥ ይችላል። ስለዚህ ሙሌት ባለቀ ቁጥር ፎርማኑ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ያስጩህ፣ ካስፈለገም ሳጥኑን ወደ ላይ ያዛውር። የእንቅስቃሴ ሴንሰር ሰው ፊት ለፊት ሲመጣበት ሳይሆን ሲያቋርጠው የተሻለ ስለሚያይ በመተላለፊያው ጎን ይተከል። ካሜራው ዝናብና አቧራ የሚችል ይሁን።

የስቶሩን ነገር ካነሱ አይቀር እሳትም አለ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው ቃጠሎ ተጠጋግቶ በተሠራ ሰፈር እሳት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አሳይቷል። በብዙዎቹ ሳጥኖች ላይ የእሳት ሴንሰር መጨመር ይቻላል፤ ሲሚንቶ ባለበት ስቶር ግን የጭሱ ዓይነት በአቧራ ስለሚሳሳት የሙቀቱ ይመረጥ።

ማንቂያው ሲጮህ ማን ምን ያደርጋል? ይህ ካልተወሰነ የተገዛው ሁሉ ጌጥ ነው። ጥሪው መጀመሪያ ለዘበኛው፣ ቀጥሎ ለፎርማኑ፣ ከዚያ ለባለቤቱ ይድረስ። ዘበኛው መብራት ያብራ፣ ያፏጭ፣ ብቻውን ግን አይጋፈጥ። የፖሊስ 991 እና የእሳት አደጋ 939 በስቶሩ በር ላይ በትልቁ ይጻፍ። የሰፈሩ የሰላም ሠራዊት አባላት አስቀድመው ይተዋወቁ፤ ከሩቅ ከሚመጣ መኪና በፊት የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

ካሜራ እንዳለ የሚገልጽ ጽሑፍ በመግቢያው ይለጠፍ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰው ምስልንም ይመለከታልና ሠራተኞች የሚለብሱበትና የሚታጠቡበት ቦታ አይቀረጽ።

ፊኒሺንግ ሲጀመር አጥር ዘሎ የሚገባው ይቀንስና ሥጋቱ ወደ ውስጥ ይዞራል። ቧንቧ፣ ማብሪያና ማጥፊያ፣ የመብራት ሽቦ በኪስና በቦርሳ ይወጣሉ። በዚያን ጊዜ ካሜራው ከፌሮው ወደ መውጫው በር ይዛወር፤ አንድ ሰብ ኮንትራክተር ሥራውን ጨርሶ በወጣ ቁጥርም የማንቂያው የሚስጥር ቁጥር በዚያው ቀን ይቀየር።