ወረፋ ለዲስክም ያስፈልጋል



ከሞያሌ ወደ ያቤሎ ስንሄድ ዱብሉቅ ላይ «ቱላ» የሚባሉትን የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች እናገኛለን። ከብቱ ብዙ፣ ጉድጓዱ ጥቂት ስለሆነ የየዕለቱን ተራ የሚያስጠብቅ «አባ ሄሬጋ» የተባለ ኃላፊ አለ። ሄሬጋ በኦሮምኛ ሂሳብ ማለት ነው። ተራ ባይኖር ጉልበተኛው ደጋግሞ ያጠጣል፤ የደካማው ከብት በጥም ይመለሳል። የዛሬው የኮምፒዩተር ትምህርታችንም ስለ ተራ ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ምንድን ነው?

በአንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ማለትም በሰርቨር ውስጥ በፕሮግራም የሚፈጠር፣ ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ነው። አንድ ሰርቨር ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን ሊይዝ ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ ዲስክ ያለው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሁሉም የሚጠቀሙት በአንድ ዲስክ ነው።

ችግሩ ምንድን ነው?

በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሀርድ ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። የተፈለገው ቦታ እስኪመጣ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 4.2 ሚሊሰከንድ ይጠበቃል። የማንበቢያው ክንድ ለመንቀሳቀስ 8 ሚሊሰከንድ ቢወስድ፣ ለአንድ ጥያቄ በድምሩ 12.2 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ በሰከንድ የሚስተናገዱት 82 ጥያቄዎች ያህል ብቻ ናቸው።

አሁን አንዱ ማሽን 300 ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ አሰለፈ እንበል። ከኋላው የአንዲት ተማሪ የፈተና መልስ ሊጻፍ መጣ። ተራ አስጠባቂ ከሌለ 3.7 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። ተማሪዋ ኮምፒዩተሩ የተበላሸ መስሏት ብታጠፋው ድካሟ ከንቱ ይቀራል።

መፍትሔዎቹ

1ኛ/ የጊዜ ገደብ፦ በሊኑክስ «ዴድላይን» የተባለው ተራ አስጠባቂ፣ ካልተቀየረ በቀር፣ ለማንበብ ጥያቄ ግማሽ ሰከንድ፣ ለመጻፍ 5 ሰከንድ ገደብ ይሰጣል። ገደቡ ያለፈበት ጥያቄ ቅድሚያ ያገኛል።

2ኛ/ ድርሻ፦ ቪኤምዌር እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ዘዴ መዘግየቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ዲስኩ በድርሻ ይከፋፈላል። 2,000 ድርሻ ያለው 1,000 ካለው እጥፍ ያገኛል።

3ኛ/ ጣሪያ፦ አንድ ማሽን በሰከንድ ከተወሰነ ቁጥር በላይ እንዳይጠይቅ ይደረጋል።

ማስታወሻ፦ ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚዞር አካል ስለሌለው እጅግ ፈጣን ነው፤ ቢሆንም የጋራ እስከሆነ ድረስ ድርሻ ያስፈልገዋል። ደግሞም ተራ ማስጠበቅ ውሃ አይጨምርም። ሥራው ከዲስኩ አቅም በላይ ከሆነ ዲስክ መጨመር፣ ወይም ከባዱን ቅጂ ሰው በማይሠራበት በሌሊት ማድረግ ይሻላል።

መልመጃ

ሀ) በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ ግማሽ ዙር በስንት ሚሊሰከንድ ይዞራል?
ለ) ሦስት ማሽኖች 2,000፣ 1,000 እና 1,000 ድርሻ አላቸው። ዲስኩ በሰከንድ 80 ጥያቄ ቢያስተናግድ ለእያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳል?

ወላጆች ሆይ፣ በውሃ ቦኖ ላይ ጄሪካን እንዴት እንደሚሰለፍ ለልጆቻችሁ አስረዱ፤ ትምህርቱ ይበልጥ ይገባቸዋል።

መልስ፦ ሀ) 5.6 ያህል፤ ለ) 40፣ 20 እና 20።