የወንዶች ሆርሞንና የአኗኗር ሁኔታ
ለመምህራንና ለከተማ አንባቢያን የቀረበ የጤና ትምህርት

ሙክት ከአውራው በግ፣ የተቀጠቀጠ በሬም ከኮርማው የተለየ ጠባይና የተለየ ሰውነት እንዳለው የቦረና፣ የሳይንትና የለጋምቦ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። የተቀጠቀጠው ከብት ይረጋጋል፤ ይሰባል፤ ዘርም አይተካም። የዚህን ለውጥ ምክንያት ለማግኘት ግን የሳይንስ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። በርቶልድ የተባለው ጀርመናዊ በ1849 በጎቲንገን ከተማ አውራ ዶሮዎችን ካኮላሸ በኋላ፣ የወጣውን ፍሬ መልሶ በሆዳቸው ውስጥ ቢያኖረው እንደ ቀድሞው ሲጮኹና ሲዋጉ አገኛቸው። ከዚህም ፍሬው በደም አማካይነት ወደ መላው ሰውነት የሚልከው አንድ ነገር መኖሩን ተረዳ። ይህ ነገር በ1935 ተጣርቶ ታወቀ፤ ስሙም ቴስቶስትሮን ተባለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቴስቶስትሮን በወንድ ልጅ ላይ ድምፅን የሚያጎረንን፣ ጢምን የሚያበቅል፣ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር፣ ቀይ ደምን የሚያበዛ፣ ለዘር መፈጠርም የሚያስፈልግ ሆርሞን ነው። ሥራውን የምታዝዘው ከአንጎል ሥር የምትገኝ፣ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ዕጢ ናት። እርስዋም ሰውነቱ መጥገቡንና መራቡን፣ መታመሙንና መዳኑን፣ መተኛቱንና መንቃቱን እየተከተለች ትእዛዟን ታበዛለች ወይም ትቀንሳለች። ስለዚህ የሆርሞኑ መጠን በትውልድ ብቻ የተወሰነ ሳይሆን ከአኗኗር ጋር የሚወጣና የሚወርድ ነው።

ይህንንም በልዩ ልዩ አገር የተደረጉ ምርመራዎች አስረድተዋል። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ የቦስተን ከተማ፣ በፓራጓይ ደን፣ በኮንጎ ደንና በኔፓል ተራራ የሚኖሩትን ወንዶች ምራቅ መርምሮ አነጻጸረ። በወጣትነት ዕድሜ የቦስተኖቹ መጠን ከሁሉ የበለጠ ሆነ፤ በ45 እና በ60 ዓመት መካከል ባሉት ዘንድ ግን ልዩነቱ ጠፋ። በ2018 ደግሞ ከባንግላዴሽ ወደ እንግሊዝ አገር የሄዱ ወንዶች ተመረመሩ። በሕፃንነታቸው የሄዱት፣ በአገራቸው አድገው በኋላ ከሄዱት ይልቅ ብዙ ቴስቶስትሮን ተገኘባቸው። ዘራቸው አንድ ነው፤ የተለያየው የልጅነት ኑሯቸው ነው። ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት፣ ተላላፊ በሽታ በሚበዛበት ስፍራ የሚያድግ ሕፃን ጉልበቱን በሽታን በመከላከል ላይ ያውለዋል፤ ሰውነቱም በዚያው ልክ ተቀርጾ ያድጋል።

እንግዲህ መጠኑ ያነሰው ሕዝብ ደካማ ነውን? አይደለም። በቦሊቪያ የሚኖሩት የጺማኔ ገበሬዎች የዘወትር መጠናቸው ከአሜሪካ ወንዶች በሲሶ ያህል ያንሳል። ሆኖም በ2013 በታተመው ጥናት፣ ለአንድ ሰዓት ያህል በመጥረቢያ ዛፍ ሲቆርጡ መጠኑ በግማሽ ያህል ከፍ አለ። ጤናማ ሰውነት እንደ ብልህ ባለ ጎተራ ነው፤ ያለውን ቆጥቦ በሚያስፈልግበት ጊዜ ያወጣል። በፊሊፒንስ የሴቡ ከተማም 624 ወንዶች ለብዙ ዓመት ተከታትለው ተመርምረው፣ በ2011 በወጣው ውጤት፣ ያገቡና አባት የሆኑት ሰዎች ቴስቶስትሮን እጅግ ቀንሶ ተገኘ። በየቀኑ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጆቻቸውን የሚንከባከቡት ደግሞ ከሌሎቹ አባቶች ያነሰ ነበራቸው። ልጁን አቅፎ የሚያባብል አባት ከወንድነት ጎደለ የሚል ማንም የለም።

የአንዱን ሕዝብ ልክ ለሌላው ሕዝብ መለኪያ ማድረግም ያሳስታል። ለምሳሌ በፔሩ ከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚኖሩ አንዳንድ ወንዶች ደማቸው ከመጠን በላይ ይወፍራል፤ ከዚህም ጋር ከፍ ያለ ቴስቶስትሮን ተገኝቶባቸዋል። በአገራችን ግን በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመርምረው፣ በ2002 እንደ ተገለጸው፣ የደማቸው ልክ በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩ ሰዎች ልክ የተለየ አልሆነም። ሁለቱም ደገኞች ናቸው፤ ሰውነታቸው ግን ከፍታውን የለመደበት መንገድ አንድ አይደለም።

አሁን ወደ መካነ ሰላምና ወደ አካባቢዋ እንመለስ። በእኛ አገር ይህን ሆርሞን የሚቀንሱት ነገሮች አብዛኛዎቹ ከሌላው የጤና ጠንቅ ጋር አንድ ናቸው።

1ኛ፤ የምግብ እጥረት። ይህን ስንል ስለ ጾም መናገራችን አይደለም፤ በክረምት ጎተራ ተራቁቶ ለወራት ስለሚዘልቀው ችግር ነው። በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ ሚኔሶታ 36 ፈቃደኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንት ምግብ ተቀንሶባቸው ሲኖሩ፣ ጉልበታቸው ብቻ ሳይሆን ለሴት ያላቸው ፍላጎት ጭምር ጠፍቷል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ያየ የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

2ኛ፤ ወባ። ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ገበሬ፣ ለሰሊጥ አጨዳም ወደ መተማ ቆላ የሚሄድ ወጣት፣ ከላቡ ዋጋ ጋር ወባን ይዞ ሊመለስ ይችላል። በሆንዱራስ የወባ ሕሙማን ተመርምረው፣ በ2005 እንደ ተገለጸው፣ በታመሙበት ጊዜ የነበራቸው ቴስቶስትሮን ከዳኑ በኋላ ከነበራቸው ያነሰ ሆኗል። ስለዚህ በአጎበር መተኛት፣ ትኩሳት እንደ ተሰማም ሳይውሉ ሳያድሩ መመርመር ይገባል።

3ኛ፤ ጆሮ ደግፍ። ይህ በሽታ ለአቅመ አዳም የደረሰን ወንድ ሲይዝ አንዳንድ ጊዜ ወደ ዘር ፍሬው ወርዶ ያሳብጠዋል፤ ሊያደርቀውም ይችላል። ያበጠበት ሰው በሐፍረት መደበቅ አይገባውም።

4ኛ፤ የእንቅልፍ ማጣት። በ2011 በወጣ ጥናት፣ በቺካጎ ከተማ 10 ጤነኛ ወጣቶች ለ8 ሌሊት 5 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ቢደረግ፣ የቀን መጠናቸው ከመቶ ከ10 እስከ 15 ቀነሰ። ጫት እንቅልፍን እንደሚያባርር ለማንም የተሰወረ አይደለም። ሌሊቱን በጫት ነቅቶ በማግስቱ ጉልበት አጣሁ የሚል ሰው ምክንያቱን ከራሱ ሌሊት ይፈልግ።

5ኛ፤ አረቄና ያለ ልክ መወፈር። ብዙ መጠጥ ጉበትንም የዘር ፍሬንም ይጎዳል። በከተማ ተቀምጦ መዋልና የሆድ መግፋት ደግሞ፣ በድሮው ልማድ የድሎት ምልክት ቢመስልም፣ ሆርሞኑን ዝቅ ያደርጋል። ክብደቱን የቀነሰ ሰው መጠኑ ተመልሶ ከፍ ይልለታል።

ከሁሉ ይልቅ አንባቢያንን ልናስጠነቅቅ የምንወደው ግን ስለሚከተለው ነው። ጉልበት ይሰጣል፣ ልጅ ያስወልዳል እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ኪኒንና መርፌ አለ። ቴስቶስትሮን ከውጭ በመርፌ ሲገባ፣ ያች ከአንጎል ሥር ያለችው ዕጢ በቂ አለ ብላ ትእዛዟን ታቆማለች፤ የዘር ፍሬውም ሥራውን ይፈታል። የዓለም የጤና ድርጅት በ1990 ባወጣው ጥናት፣ ለ271 ጤነኛ ወንዶች ይህ ሆርሞን በየሳምንቱ ቢወጋላቸው፣ በ157ቱ የዘር ፈሳሽ ውስጥ አንድም ዘር አልተገኘም። ጥናቱ የተደረገው መርፌው ለወሊድ መቆጣጠሪያ እንዲሆን ታስቦ ነበር! መርፌው ሲቋረጥ ዘሩ ቢመለስም ብዙ ወራት ይፈጃል። እንግዲህ ልጅ ፈልጎ ይህን መርፌ የሚወጋ ሰው የሚሻውን ነገር በገንዘቡ ያጠፋዋል።

ከዚህም ጋር የተያያዘ አንድ በደል አለ። ባልና ሚስት ልጅ ሲያጡ ጣት የሚቀሰረው በሚስቲቱ ላይ ነው፤ ብዙዎቹም በዚህ ሰበብ ተፈትተዋል። ነገር ግን ልጅ ካጡት ባለትዳሮች በግማሽ በሚጠጉት ዘንድ ምክንያቱ በሙሉ ወይም በከፊል ከወንዱ ነው። ጎርናና ድምፅና የሞላ ጢም ያለው ወንድ ዘር ላይኖረው ይችላል፤ ይህም በዓይን አይታይም፤ በምርመራ ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ ሁለቱም በአንድነት ሳይመረመሩ በአንዷ ላይ መፍረድ ከእውነትም ከርኅራኄም የራቀ ነው።

መምህራን ለጎልማሶች በሚሰጡት ትምህርት የሚከተሉትን አሳቦች ቢያስገነዝቡ መልካም ነው።

ሀ/ የቴስቶስትሮን መጠን ከምግብ፣ ከበሽታ፣ ከእንቅልፍና ከሥራ ጋር ይለዋወጣል፤ የወንድነት ክብር መለኪያ አይደለም።
ለ/ ሕፃናትን በክትባት፣ በንጹሕ ውሃና በመጸዳጃ ቤት ከበሽታ መጠበቅ ሲያድጉ ለሚኖራቸው ሰውነት መሠረት ነው።
ሐ/ ጉልበት ያጣ ሰው አስቀድሞ ወባውን፣ እንቅልፉን፣ መጠጡንና ገበታውን ይመርምር።
መ/ ሆርሞኑ በጧት ከፍ፣ በማታ ዝቅ ስለሚል፣ ምርመራው ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ይደረጋል፤ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ቢገኝም ሌላ ቀን ይደገማል።
ሠ/ ልጅ የዘገየባቸው ባልና ሚስት፣ ያለ መከላከያ አንድ ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ፣ ሁለቱም ተያይዘው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።