ብርሃን በሚለቅሙ ሞለኪውሎች መካከል የኳንተም ቁርኝት በእርግጥ ተለክቷልን?

በቅርቡ በማደሪያችን በተነሣ ክርክር ከመካከላችን አንዱ «ቅጠል ሁሉ ኳንተም ኮምፒዩተር ነው» ሲል ሌሎቻችን ሳንመረምር አጨበጨብንለት፤ በዚሁ መጽሔት ላይ ልናወጣውም አስበን ነበር። ጽሑፎቹን አገላብጠን ስናይ ግን የተለካው ሌላ፥ የተወራው ሌላ ሆኖ አገኘነው።

አንደኛ ነገር፥ የተመረመረው ቅጠል አይደለም፤ ከአረንጓዴ የድኝ ባክቴሪያ የተገኘ ኤፍ. ኤም. ኦ. የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ሦስት እኩል ክፍሎች ሲኖሩት፥ በእያንዳንዱ ውስጥ ሰባት ወይም ስምንት የባክቴሪዮክሎሮፊል ሞለኪውሎች ተሰክተዋል። ሥራውም ብርሃን ከሚለቅመው ክፍል ኃይልን ተቀብሎ ኬሚካዊው ሥራ ወደሚጀመርበት ማዕከል ማድረስ ነው። እዚህ ላይ እኛም የተሳሳትንበት ነገር አለ፤ በፕሮቲኑ ውስጥ ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል የሚሻገረው የኤሌክትሮን መነቃቃት እንጂ ኤሌክትሮኑ ራሱ አይደለም። መነቃቃቱም በአንድ ሞለኪውል ሳይወሰን በሁለትና በሦስት ላይ በአንድነት ሊያርፍ ይችላል፤ «ከዚህ ነው ወይስ ከዚያ?» ተብሎ ቢጠየቅ ቁርጥ ያለ መልስ የለውም። ቁርኝት ያልነው ይህንኑ ነው።

ታዲያ በምን ይታወቃል? በ2007 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) በበርክሌይ የግራሃም ፍሌሚንግ የምርምር ቡድን ፕሮቲኑን እስከ 77 ኬልቪን፥ ማለት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፥ አቀዝቅዞ እጅግ አጫጭር የሌዘር ብልጭታዎችን አከታትሎ ላከበት። የተገኘው ምልክት ከፍ ዝቅ እያለ 660 ፌምቶሰከንድ ያህል ቈየ። (አንድ ሰከንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ቢከፈል አንዱ ክፋይ ፌምቶሰከንድ ነው።) ሁለት ክራሮችን በአንድ ቃና ለማግጠም የሞከረ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ጅማቶቹ ለጥቂት ሳይገጥሙ ሲቀሩ ድምፃቸው እየሞላ እየጐደለ ይርገበገባል። ተመራማሪዎቹም ርግብግቡን የኤሌክትሮን መነቃቃቶች የሞገድ ቅንጅት ምልክት አድርገው ተረጐሙት።

በ2010 ደግሞ ሳሮቫር፥ ኢሺዛኪ፥ ፍሌሚንግና ዌይሊ ቁርኝቱን በቁጥር አወጡት። ነገር ግን ይህ በመሣሪያ የተነበበ ሳይሆን ከፕሮቲኑ ሞዴል የተሰላ ነው። በሞለኪውሎቹ ላይ አንድ መነቃቃት ብቻ ሲኖር፥ የሞገድ ቅንጅት ካለ ቁርኝትም አለ ማለት ስለ ሆነ፥ ሁሉ ነገር በቅንጅቱ ዕድሜ ላይ ይንጠለጠላል።

ፈተናውም የመጣው በዚሁ በዕድሜው ነው። በ2017 በሀምቡርግ ያሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው ያንኑ ፕሮቲን በተለመደው የክፍል ሙቀት ሲለኩት፥ የኤሌክትሮኑ ቅንጅት በ60 ፌምቶሰከንድ ገደማ ይጠፋል አሉ። ኃይሉ በፕሮቲኑ ውስጥ ለማለፍ ግን ከሺሕ ፌምቶሰከንድ በላይ ይፈጃል። በ2020 የወጣ የብዙ ሊቃውንት ግምገማም፥ ለረጅም ጊዜ የታየው ርግብግብ በአብዛኛው የሞለኪውሎቹ አተሞች ንዝረት ነው ብሏል።

ጓደኛችን ይህን ካነበበ በኋላ «ስድሳውስ ቢሆን ከንቱ ነውን?» አለን። ከንቱስ አይደለም፤ መነቃቃቱን በጥቂት ሞለኪውሎች ላይ የሚዘረጋውን ትስስር የካደ የለም። የተካደው፥ ባክቴሪያው በቁርኝት ኃይል መንገዶችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሞክሮ አጭሩን ይመርጣል የሚለው ነው።