የቄሱ ዮሐንስ ፍለጋ

ስፔኖች ኤልዶራዶን፣ ማለትም ገላውን በወርቅ ብናኝ የሚቀባ ንጉሥ አለ ተብለው በደቡብ አሜሪካ ብዙ ተንከራተዋል። እንዲህ ዓይነት ወሬ ግን ወደ እኛም አገር ሰው አምጥቷል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አንድ ደብዳቤ ይዞር ጀመር። «ቄሱ ዮሐንስ» የሚባል ክርስቲያን ንጉሥ አለ፣ በአገሩም የከበረ ድንጋይ የሚያወርድ ወንዝ አለ ይላል። ደብዳቤው የፈጠራ ነው። ሰዉ ግን አመነ! መጀመሪያ እስያ ፈለጉት፤ እዚያ ሲያጡት ኢትዮጵያ ነው አሉ።

የፖርቱጋል ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ1487 ሁለት ሰላዮች ላከ። አንደኛው ሳይደርስ ሞተ። ሁለተኛው፣ ፔሮ ዳ ኮቪልያ፣ ነጋዴ መስሎ በካይሮና በሕንድ ዞሮ ኢትዮጵያ ገባ። እዚህ መሬት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ። አገሩ መመለስ ግን ተከለከለ። አገሩ ትቶት የመጣው ሚስት ነበረችው እኮ! እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲመጡ፣ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ እዚሁ አገኙት።

መልእክተኞቹ ያዩት ቤተ መንግሥት ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር የድንኳን ከተማ ነው። ገበያው ላይ ደግሞ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ይሠራል። የከበረ ድንጋይ የሚያወርድ ወንዝ የለም። ንጉሡም ስሙ ዮሐንስ አይደለም!

አብሯቸው የነበረው ቄስ አልቫሬዝ ላሊበላ ሄዶ ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈሉትን ቤተ ክርስቲያናት አየ። ስለ እነሱ ሲጽፍ ግን «አያምኑኝም» ብሎ ሰጋ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ታተመ።