ትከሻ ለምን ቶሎ ይወልቃል?

መገጣጠሚያዎቻችን እንቅስቃሴያቸው ይለያያል፦

1. ክርን፦ እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል።
2. የአንገት ላይኛው ክፍል፦ አንዱ አጥንት በሌላው ዙሪያ ስለሚሽከረከር ግራና ቀኝ እንዞራለን።
3. ዳሌና ትከሻ፦ ክብ የአጥንት ጫፍ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ተቀምጦ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል።

የዳሌው ጉድጓድ ጥልቅ ስለሆነ በቀላሉ አይወልቅም። የትከሻው ግን እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጠፍጠፍ ያለ ነው። እጃችንን እንደልብ የምናዞረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቶሎ የሚወልቀውም እንደዚሁ።

ድንገተኛ ክፍል ስሠራ ወጌሻ ጋ ተጎትቶ የመጣ ትከሻ አያለሁ። አብሮ ስብራት ካለ መጎተቱ ነርቭና ደም ስር ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሲወልቅ አትጎትቱ፣ አታስጎትቱ! እጁን በነጠላ ደግፋችሁ ሆስፒታል ሂዱ፤ መጀመሪያ ራጅ ይታያል። ጣቶቹ ከደነዘዙ ወይም ከቀዘቀዙ ደግሞ ደቂቃም አትቆዩ።

ኳስ ለሚጫወት ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።